የጄት ትርኢት ቡድኖች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው፣ በጅማ ሰማይ ስሌት

ጅማ ውስጥ ቡና እየተጠጣ የጄት ትርኢት ቪዲዮ በስልክ ሲታይ የሚሰሙት አስተያየቶች ተቀራራቢ ናቸው። «ኮምፒውተር ነው የሚያበራቸው»፣ «ትንሽ ቢነካኩ አለቀላቸው»፣ «ነዳጁ ነው የሚጨሰው»። አድናቆቱ ተገቢ ነው፤ እውነተኛው ችሎታና እውነተኛው አደጋ ግን ያሉት ሌላ ቦታ ነው።

«ርቀታቸውን የሚጠብቅላቸው ኮምፒውተር ነው»

ዓይን ነው እንጂ። ተከታዩ አብራሪ በመሪው አውሮፕላን ላይ ሁለት ምልክቶችን ይይዛል፤ ለምሳሌ የክንፍ ጫፍ መብራትና በጎኑ ላይ የተሣለ አርማ። ሁለቱ ከተጋጠሙ ቦታው ላይ ነው። መብራቱ ከአርማው ቀድሞ ከታየው ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ከአርማው ኋላ ከሆነ ደግሞ ቀድሟል። ማስተካከያው በሞተር ጉልበት መቆጣጠሪያው ላይ የሚደረግ ጥቃቅን እንቅስቃሴ ነው። አብዝቶ የሚያርም አብራሪ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መዋዠቅ ይጀምራል፤ ከእሱ ቀጥሎ በውጭ በኩል የሚበረው ደግሞ ያንኑ ስህተት ጨምሮ ይቀበላል።

መሪውም የሞተሩን ሙሉ ጉልበት አይጠቀምም፤ የተከታዮቹ መጠባበቂያ እንዲኖር ይተወዋል። ከመዞሩ በፊት በሬዲዮ በታወቀ የድምፅ ምት ይናገራል፤ ሁሉም እጃቸውን የሚያንቀሳቅሱት በዚያ ምት ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቡድን ብሉ ኤንጅልስ በአራት ጄቶች የአልማዝ ቅርጽ ሲሠራ እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይጠጋጋል። መሪ ዘንጋቸው ላይ አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋ ጠንካራ ስፕሪንግ አለ፤ አብራሪው ሁልጊዜ ወደ ራሱ እየሳበ ስለሚይዘው በዘንጉ መካከለኛ ቦታ ላይ ያለው ልልነት ይጠፋል።

«ትልቁ አደጋ ጎን ለጎን መጠጋጋታቸው ነው»

ሁለት ባጃጆች በእኩል ፍጥነት ጎን ለጎን ሲሄዱ ተሳፋሪዎቹ እጅ ለእጅ ሊጨባበጡ ይችላሉ። በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር የሚበሩ ሁለት ጄቶችም እርስ በርስ ሲታዩ ቆመዋል ለማለት ይቻላል፤ መንሸራተቱ በዝግታ ስለሚመጣ ለማረም ጊዜ ይገኛል። በተቃራኒ አቅጣጫ የሚተላለፉት ግን በሴኮንድ 333 ሜትር ይቀራረባሉ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 28 ቀን 1988 ጀርመን ራምስታይን ላይ 70 ሰው የሞተበት የጣሊያኑ ፍሬቼ ትሪኮሎሪ አደጋም የተጀመረው ለብቻው የሚያቋርጠው ጄት ከሌሎቹ ጋር ሲጋጭ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው መሬት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የአሜሪካ አየር ኃይሉ ተንደርበርድስ አራት ጄቶች ኔቫዳ በረሃ ላይ በልምምድ ሳሉ አብረው ወደቁ። ምርመራው ያገኘው የመሪውን አውሮፕላን የጅራት ክንፍ መቆጣጠሪያ መጣበቅ ነው። የተከታዮቹ ዓይን መሪው ላይ ስለነበር ሦስቱም እስከ መሬት ድረስ ቅርጻቸውን እንደጠበቁ ተከተሉት።

እ.ኤ.አ. በ2003 አይዳሆ ውስጥ በዚሁ ቡድን ላይ የደረሰው ለጅማ ሰው ይበልጥ ትምህርት ይሰጣል። አብራሪው ተገልብጦ ወደ ታች ግማሽ ክብ ለመሥራት ከመሬት 760 ሜትር ያህል ያስፈልገው ነበር። የከፍታ መለኪያው ከባሕር ጠለል ጀምሮ ስለሚቆጥር የሜዳውን ከፍታ መደመር ነበረበት፤ ሲደምር ግን የለመደበትን የኔቫዳን ጣቢያ ቁጥር ተጠቀመ፤ አይዳሆ ከዚያ በ300 ሜትር ገደማ ይበልጣል። ከመሬት 510 ሜትር ላይ ጀመረ፤ ሊወድቅ አንድ ሴኮንድ ሳይሞላ በመቀመጫው ተወንጭፎ ወጣና ተረፈ።

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የብዙ የከፍታ መለኪያዎች ማስተካከያ እዚህ ሜዳ ላይ ዜሮ እስኪያነብ አይወርድም፤ ስለዚህ አብራሪው ለእያንዳንዱ ቁጥር 1,700 መደመር አለበት። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት የጅሬን ኮረብታ ደግሞ ከከተማው ከፍ ስለሚል የሱ ቁጥር ሌላ ነው። ሙቀት ሲጨመር ነገሩ ይከብዳል። በ27 ዲግሪ ቀን የጅማ አየር በመደበኛ ሙቀት 2,500 ሜትር ላይ እንዳለ አየር ይሳሳል። የፍጥነት መለኪያው በባሕር ጠለል የሚያሳየውን ያንኑ ቁጥር ቢያሳይም እውነተኛው ፍጥነት 13 በመቶ ይበልጣል። የመዞሪያው ስፋት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ አብራሪው መዞሩ ሰውነቱ ላይ በሚያመጣው በዚያው ጫና ከሳበ ክቡ 28 በመቶ ይሰፋል። በባሕር ጠለል 900 ሜትር ከፍታ የሚበቃው ወደ ላይ የሚሠራ ሙሉ ክብ እዚህ 1,150 ሜትር ይጠይቃል። የሞተሩም ጉልበት በሳሳው አየር ይቀንሳል። ባሕር ዳርቻ የተለማመደ ቡድን ቁጥሮቹን ሳይቀይር እዚህ መብረር የለበትም።

«የሚጨሰው ነዳጁ ነው»

ሞተሩ የሚያቃጥለው ነዳጅ አይደለም። ከተለየ ታንክ የሚመጣ ዘይት ወይም ናፍጣ በጋለው የሞተር ጭስ ውስጥ ይረጫል፤ ይተንና ሲቀዘቅዝ ጥቃቅን ጠብታ ይሆናል። የእንግሊዙ ሬድ አሮውስ ናፍጣ ይጠቀማል፤ ለቀይና ለሰማያዊ ቀለም ይቀላቀልበታል። ጭሱ ለጌጥ ብቻም አይደለም፤ ርቀው የሚዞሩት አብራሪዎች ጓደኞቻቸው የት እንዳሉ የሚያዩበት ምልክት ነው።

«ሁሉም የጫና ልብስ ይለብሳሉ»

የጫና ልብስ በኃይለኛ ዙር ጊዜ በአየር ተነፍቶ እግርና ሆድን የሚጨምቅ ልብስ ነው። ተንደርበርድስ ይለብሳሉ፤ ብሉ ኤንጅልስ አይለብሱም። አብራሪው ዘንጉን የያዘበትን ክንድ ጭኑ ላይ ያሳርፋል፤ ልብሱ በአየር ሲነፋ ክንዱን ይገፋና ዘንጉን ያንቀሳቅሳል። 45 ሴንቲ ሜትር ላይ ይህ አይፈቀድም። ስለዚህ ደሙ ከጭንቅላት ወደ እግር እንዳይሸሽ እግርና ሆዳቸውን አጥብቀው እየያዙ በአጭር በአጭሩ ይተነፍሳሉ።

«ደመና ካለ ትርኢት የለም»

ሬድ አሮውስ ሦስት ፕሮግራም አላቸው። የደመናው ግርጌ ከመሬት በጣም ከፍ ካለ ሙሉ ክብ ይሠራሉ። ለዚያ ባይበቃም ከ760 ሜትር በላይ ከሆነ ክቡን ትተው ይንከባለላሉ። ከ760 በታች ሲሆን ወደ ጎን በጣም አጋድለው የሚሠሯቸው ዙሮችና ቀጥታ ማለፎች ብቻ ይቀራሉ። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ሰው ከሦስቱ የትኛው ብዙ ጊዜ እንደሚደርሰው ይገምታል። ክቡ እዚህ ስለሚሰፋም ለሙሉ ክቡ የሚያስፈልገው የደመና ከፍታ ለጅማ ከፍ ማለት ይኖርበታል።