«እጁን ይዞ አስነሣው»፦ በሚጥል በሽታ ለሚፈተኑና አብረዋቸው ለሚኖሩ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ልጁን ይዞ ወደ ጌታችን የመጣው አባት የተናገረው ጭንቀት፣ በጎጃም ገጠር በምድጃ ዙሪያ ልጅ ላሳደገች እናት እንግዳ አይደለም። ልጁ ይወድቃል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ጥርሱን ያፋጫል፤ አንድ ጊዜ በእሳት፣ አንድ ጊዜ በውኃ ይወድቃል። በእኛም መንደር የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በእጁ ወይም በፊቱ ካለው የእሳት ጠባሳ የሚታወቅበት ጊዜ አለ፤ ወንዝ ወርዳ ውኃ ስትቀዳ የቀረችም አትጠፋም።

ጌታ ከመገሠጹ በፊት አባትየውን «ይህ ከያዘው ስንት ዘመን ነው?» ብሎ ጠየቀው (ማር. 9፥21)። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ የጠየቀው ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ያ ሰው ለዓመታት ብቻውን የተሸከመውን በሰው ፊት አውጥቶ እንዲናገር ነው እንጂ። ዛሬ በጤና ጣቢያ የምታገኟት ነርስም አስቀድማ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው፦ መቼ ጀመረው? በስንት ጊዜ ይመላለስበታል? ሲጥለው ያየው ማን ነው? ታማሚው አብዛኛውን ጊዜ የሆነውን ስለማያስታውስ፣ ያየ ሰው አብሮ ሄዶ መናገሩ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል።

«በዚያ ልጅ ላይ የነበረው ርኩስ መንፈስ አይደለምን?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አዎን፣ ወንጌሉ እንዲህ ይላል፤ እኔም አላስተባብልም። ነገር ግን ያው ወንጌል በማቴዎስ 4፥24 ወደ ጌታ የመጡትን ሕሙማን ሲቆጥር አጋንንት ያደሩባቸውን ለብቻ፣ በጨረቃ የሚነሣባቸውን ማለትም የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ለብቻ፣ ሽባዎችንም ለብቻ አድርጎ ይጠራቸዋል። ወንጌላዊው የለየውን እኛ ለምን እንደባልቃለን? በየክታቡ «ባርያ» እና «ሌጌዎን» የሚሉትን የአጋንንት ስሞች እያነበብን ያደግን ሰዎች፣ የወደቀውን ሁሉ ጋኔን የያዘው አድርገን ማየት ለምዶብናል። የሚጥል በሽታ በአንጎል ውስጥ ካለው የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ መዛባት የሚመጣ ሕመም ነው፤ በወሊድ ጊዜ ከደረሰ ጉዳት፣ ጭንቅላት ላይ ካረፈ ምት፣ ከማጅራት ገትር በኋላ ሊጀምር ይችላል፤ መንሥኤው የማይታወቅበትም ጊዜ ብዙ ነው። በአረፋው ወይም በምራቁ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። የወላጅ ኃጢአት ውጤት ነው ለሚልም ጌታ ስለ ዕውሩ የሰጠው መልስ ይበቃል (ዮሐ. 9፥3)።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ታማሚው ወደ ጠበል ሲወርድ መድኃኒቱን እንዲጥል የሚመከርበት ምክር ነው። ግሽ ዓባይም ይሁን በየደብሩ ያለው ጠበል በረከት ነው፤ እኔም ተጠምቄአለሁ፣ ዛሬም እጠመቃለሁ። ፊኖባርቢታልን የመሰለ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ግን በሽታው ከበፊቱ ብሶ፣ ሳይለቅ ደጋግሞ ሊጥልና ሊገድል ይችላል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረና ብልህ ሰው እንደማይንቀው ያስተምራል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ጉዳይ ምእመናንን ባስጨነቀበት ዘመንም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ አብረው እንደሚወሰዱ ተናግረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖራሉ፤ በሽታቸው በትክክል ተለይቶ ቢታከሙ ከ100ው እስከ 70 የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ።

የእንቅልፍ ማጣትና የመጠጥ ነገርም አለ። ሌሊቱን በማሕሌት ያደረ አገልጋይ፣ ወይም በዝክር ላይ አረቄ የደጋገመ ሰው፣ በማግሥቱ ቢጥለው አይደነቅም። ስለዚህ ስለ ሌሊት አገልግሎትና ስለ ጾሙ ሰዓት ከንስሐ አባት ጋር፣ ስለ መድኃኒቱ ሰዓት ከባለሙያ ጋር መነጋገር ይገባል፤ ቤተ ክርስቲያን የታመመውን በጾም አታስጨንቅም።

ሰው በቅዳሴ መካከል ሲወድቅ አትሽሹ። ከእሳትና ከድንጋይ አርቁት፤ ነጠላ አጥፋችሁ ከራሱ በታች አድርጉ፤ አንገቱን የያዘውን ልብስ አላሉ፤ በጎኑ አስተኙት። ማንኪያም ሆነ ጣት በአፉ አታስገቡ፤ ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት፤ ጠበልም ቢሆን ሳይነቃ በአፉ አታፍስሱ፣ ትን ሊለው ይችላልና። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው ፈጥናችሁ ወደ ሕክምና አድርሱት። በዚያ ልጅ ላይ ብዙዎች «ሞተ» ባሉ ጊዜ ጌታ «እጁን ይዞ አስነሣው» ተብሎ ተጽፏል (ማር. 9፥27)። ከወደቀበት ሲነቃ መጀመሪያ የሚያየው የሚሸሸውን ሕዝብ ጀርባ ሳይሆን የያዘውን እጅ እንዲሆን ነው ምኞቴ።

ይህን እጅ ደግሞ ራሱ ወድቆ የተነሣ ሰው ሲዘረጋው ልዩ ይሆናል። ቅዱስ ጳውሎስ እግዚአብሔር በመከራችን የሚያጽናናን፣ እኛም በዚያው መጽናናት ሌሎችን ማጽናናት እንድንችል እንደ ሆነ ጽፏል (2ቆሮ. 1፥4)። ስለ መድኃኒቱ እንቅልፍ ማብዛት፣ ለጋብቻ ሲጠየቁ ስለሚመጣው ፍርሃት፣ በትምህርት ቤት ስለሚሰማው ሹክሹክታ፣ ያልደረሰበት ሰው የሚናገረው ጥቂት ነው። በጎጃም ገጠር ታማሚን በቃሬዛ ተሸክሞ መንገድ ላይ ማድረስን ማንም አያስተምረንም፤ ሽባውን ጣራ ነድለው ያወረዱት አራቱ ሰዎች (ማር. 2) ለእኛ ሩቅ አይደሉም። ሰንበቴውና የጽዋ ማኅበሩም ለዚህ በሽታ ቃሬዛ መሆን ይችላሉ። በአዲስ አበባ ያለው ኬር ኢፒለፕሲ ኢትዮጵያ ስለ በሽታው የሚያስተምርና ሕሙማንንና ቤተሰቦቻቸውን የሚረዳ ማኅበር ነው። ከእኛ ዘንድ ግን ለመጀመር ትልቅ ማኅበር አያስፈልግም። በጤና ጣቢያው የቀጠሮ ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ አብሮ የሚቀመጠውን ሰው «አንተስ ስንት ዘመንህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ቀጠሮው ከገበያ ቀን ጋር እንዲገጥም ባለሙያውን አብሮ መለመን፣ በሚቀጥለውም ወር መንገዱን አብሮ መሄድ ይቻላል።