የሉህ ልጆች፦ ልጅነት በመካከለኛው ዘመን የእስልምና ዓለም

በመካከለኛው ዘመን ከስፔኗ ኮርዶባ እስከ መካከለኛው እስያዋ ቡኻራ ድረስ ብዙ የከተማ ልጆች ፊደል የሚቆጥሩት ኩታብ በሚባለው የቁርኣን ቤት ነበር። ልጁ መሬት ላይ ተቀምጦ ሉሁን፣ ማለትም የእንጨት ሰሌዳውን፣ ጭኑ ላይ ያደርጋል፤ በመቃ ብዕር ይጽፋል፣ ጮክ ብሎ ያነበንባል፣ በቃሉ ሲይዘው ሉሁን አጥቦ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ወሎና ሐረር ቁርኣን የቀራ ሰው ይህን ሉህ በደንብ ያውቀዋል።

እጥበቱ ራሱ ሥርዓት ነበረው። በዛሬዋ ቱኒዝያ የሚገኘው የቃይረዋን ከተማ ሊቅ ኢብን ሰሕኑን በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለመምህራን ባዘጋጀው መጽሐፍ እንደዘገበው፣ በቀደምት ሙስሊሞች ዘመን ልጆች በየተራ ንጹሕ ውሃ ያመጡ ነበር። ሉሁ የታጠበበት ውሃ የትም አይደፋም፤ ጉድጓድ ተቆፍሮለት መሬት ውስጥ ይሰርጋል። የአንዳሉስ (የሙስሊም ስፔን) መንገደኛ ኢብን ጁበይር በ1184 እ.ኤ.አ. ደማስቆ ሲደርስ ከዚህ የባሰ ጥንቃቄ አየ፦ ቁርኣን በቃል ብቻ ይጠናል፣ የእጅ ጽሑፍ ግን የአላህ ቃል እየተጻፈ እንዳይፋቅ በግጥም ይለመዳል። የታሪክ ሊቁ ኢብን ኸልዱንም በ1377 እ.ኤ.አ. ሲጽፍ ማግሪቦች (የሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ሰዎች) ከቁርኣን ሌላ እንደማያስተምሩ፣ አንዳሉሶች ግን ግጥምና ሰዋስው እንደሚጨምሩ አስተውሏል።

ዱላ ነበረ፤ ክርክሩም አብሮት ነበረ። ኢብን ሰሕኑን በትምህርት ምክንያት ከ3 በላይ መምታትን ከለከለ። ኢብን ኸልዱን ጭካኔ ልጅን ውሸትና ተንኮል ያስተምረዋል አለ። የሃይማኖት ሊቁ የአል-ገዛሊ ምክር ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል፦ ከኩታብ የተመለሰ ልጅ ይጫወት፤ ጨዋታ ተከልክሎ ሁልጊዜ ትምህርት ብቻ ከተጫነበት ልቡ ይሞታል።

ከኩታብ ውጭም ትምህርት ሞልቷል። ቁርኣንን በ10 ዓመቱ የጨረሰውን፣ በኋላ ታዋቂ ሐኪምና ፈላስፋ የሆነውን ኢብን ሲናን አባቱ የህንድ ሒሳብ እንዲማር ወደ አትክልት ሻጭ ልኮታል። በሶርያው የሸይዘር ምሽግ ያደገው ኡሳማ ኢብን ሙንቂዝ ደግሞ በልጅነቱ መሰላል ላይ ወጥቶ የእባብ አንገት በቢላ ሲቆርጥ አባቱ ቆሞ ያየው ነበር፤ አልከለከለውም። የመሳፍንት ልጅ በአደንና በፈረስ ነው የሚያድገው። የድሃ ልጅ በአባቱ ሱቅ ወይም እርሻ ይውላል።

ሴቶች ልጆች ኩታብ የሚገቡት ጥቂት ነበሩ፤ የተማሩት በአብዛኛው ቤት ውስጥ ከዘመዶቻቸው ነው። ሆኖም ሕፃናትን ሐዲስ (የነቢዩ ሙሐመድ ንግግርና ተግባር ዘገባ) ወደሚነገርበት ጉባኤ ይዞ መሄድና ከታላላቅ ሊቃውንት የማስተላለፍ ፈቃድ ማስጻፍ የተለመደ ነበር፤ ሴቶችም ተጠቅመውበታል። የደማስቆዋ ዘይነብ ቢንት አል-ከማል ፈቃዶቿን መሰብሰብ የጀመረችው ገና ሕፃን ሳለች ነው። አርጅታም ታስተምር ነበር፤ በ1326 እ.ኤ.አ. በዚያ ያለፈው ወጣቱ መንገደኛ ኢብን ባጡጣ ፈቃድ ከሰጡት ሊቃውንት መካከል እሷን ጠቅሷታል።