የድሮ ኮምፒውተርና የቪዲዮ ጌም ዕቃ በሰሜን ሸዋ፦ ምንጩ፣ አያያዙና ጥገናው

ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን በአማራም በኦሮሚያም ክልል አለ፤ የኦሮሚያው መቀመጫ ፍቼ ሲሆን የአማራው ደብረ ብርሃን ነው። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው፤ በተለይም ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው ደብረ ብርሃን ተነሥቶ፣ ጣርማበርን አልፎ ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወርደው አውራ መንገድ ላይ ያሉትን ከተሞችና የመንዝን ደጋ። ጉዳዩ የድሮ ኮምፒውተርና የቪዲዮ ጌም ዕቃ ነው፦ ለመተዳደሪያ ሳይሆን ለማወቅና ለመጫወት ብለው አሮጌ ማሽን እየፈቱ የሚጠግኑ ሰዎች ዕቃውን ከየት እንደሚያገኙት፣ በአካባቢው ብርድና መብራት ሳይጎዳባቸው እንዴት እንደሚይዙት፣ በመጨረሻም ምን ሊሠሩበት እንደሚችሉ።

አሮጌ ማሽን የሚመረጠው አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር ሊያውቀው ስለሚችል ነው። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1983 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረበው ፋሚኮም የተባለው የቪዲዮ ጌም ማሽን የነበረው የሥራ ሜሞሪ 2 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ማቀነባበሪያው በሰከንድ 1.79 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል፣ ሥዕሉን የሚያወጣውም ሌላ አንድ ቺፕ ነው። ቦርዱን የከፈተ ሰው ቴስተር ይዞ ከመብራት መግቢያው እስከ ቴሌቪዥን መውጫው ድረስ እያንዳንዱን መስመር መከታተል ይችላል። የብዙዎቹ ዕቃዎች እግር ቦርዱን በስቶ በጀርባ በኩል ስለሚበየድ በተራ መበየጃ ይነቀላል፣ ይተከላልም። የዛሬ ስልክ ቦርድ ግን በአጉሊ መነጽርና በሙቅ አየር ካልሆነ አይነካም። ስለዚህ ኤሌክትሮኒክስ መማር የሚፈልግ ወጣት በስልክ ጥገና ከሚጀምር በእነዚህ ቢጀምር የተሻለ መሠረት ይይዛል ብዬ አምናለሁ።

ዕቃው በአካባቢው የሚገኝባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ ይሁንና አይነጥፉም። ጠዋት በየሰፈሩ እየተጣራ የሚያልፈው ቆራሌው ከብረትና ከጠርሙስ ጋር የተሰበረ ዲቪዲ ማጫወቻ፣ ሪሲቨር፣ አንዳንዴም ሙሉ ዴስክቶፕ ይሰበስባል። መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ያረጀ ኮምፒውተራቸውን በጨረታ ያስወግዳሉ። በተሸናፊ ይከፍላል ደንብ የእግር ኳስ ጨዋታ የሚያጫውቱ ጌም ቤቶች ወደ አዳዲስ ማሽን በተሻገሩ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ከነጆይስቲኩ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ከዚህ የጠፋው አዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይፈለጋል። ዕውቀቱን በተመለከተ፣ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የሃርድዌርና ኔትወርክ ጥገና ትምህርት ይሰጣል፤ ከዚያ ባልተናነሰ ግን የድሮዎቹ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኞች ሊጠየቁ ይገባል። የእነሱ እጅ የሚያውቀውን ብዙው ወጣት አያውቀውም፤ ሱቃቸውም በስልክ መለዋወጫ ሱቅ እየተተካ ነው።

ከሌላ አገር የመጣ ዕቃ የሚሞተው ከምንም በላይ በመብራት ነው። የእኛ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ የጃፓኑ 100 ቮልት ሲሆን የአሜሪካው 120 ነው። በድሮ ዴስክቶፖች ጀርባ፣ ገመዱ በሚሰካበት አጠገብ፣ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማዞሪያ አለ። ከአሜሪካ በስጦታ የመጣ ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ 115 ላይ እንደተደረገ ይደርሳል። በዚያ ሁኔታ እኛ ሶኬት ላይ ሲሰካ፣ እያንዳንዳቸው 200 ቮልት እንዲችሉ የተሠሩት ሁለቱ ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ ዕቃዎች) 300 ቮልት አልፎ ይጫናቸዋል። በአንድ ትምህርት ቤት ከካርቶን ገና የወጡ ሦስት ማሽኖች ተራ በተራ ሲፈነዱ ቆሜ አይቻለሁ፤ ሁለተኛው ሲሰካ የመጀመሪያው ለምን እንደጮኸ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ማዞሪያውን በካቻቢቴ ጫፍ መግፋት አንድ ሰከንድ አይፈጅም።

የጌም ማሽኖች አዳፕተርም እንዲሁ ነው። የፋሚኮሙ አዳፕተር 10 ቮልት ዲሲ፣ 850 ሚሊአምፔር ይሰጣል፤ የመሰኪያው መካከል ኔጌቲቭ፣ ውጭው ፖዘቲቭ ነው፤ በገበያ የሚገኘው አዳፕተር ግን አብዛኛው የዚህ ግልባጭ ነው። የአሜሪካው ኒንቴንዶ፣ ማለትም ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው የፋሚኮም ዓይነት፣ በበኩሉ የሚጠቀመው 9 ቮልት ኤሲ ነው፤ ያንን አዳፕተር ፋሚኮም ላይ መሰካት ቦርዱን ይገድለዋል። ስለዚህ መሰኪያው ስለገባ ብቻ ትክክለኛው ነው አይባልም፤ አስቀድሞ በቴስተር ይለካል። አንድ ነገር ደግሞ ብልሽት ሳይሆን ብልሽት ይመስላል፦ ከጃፓን ወይም ከአሜሪካ የመጣ ማሽን እኛ በምንጠቀምበት ፓል በተባለው የቀለም ቴሌቪዥን ሥርዓት ብቻ በሚሠራ የድሮ ቴሌቪዥን ላይ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወይም እየተንከባለለ ይታያል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ፓልንም የጃፓንና የአሜሪካውንም ሥርዓት የሚቀበል ቴሌቪዥን እንጂ መበየጃ አይደለም።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ቮልቴጁ ለአፍታ ሊያሻቅብ ይችላል። መብራት እንደጠፋ ገመዱን ከዲቫይደሩ መንቀል፣ ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ከማንኛውም ስታቢላይዘር በፊት የሚመጣ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2007 ገደማ በተመረቱ ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ያሉት ካፓሲተሮች ከመነሻቸው ጥራት የጎደላቸው ስለነበሩ አናታቸው አብጦ ወይም ቡናማ ፈሳሽ አውጥቶ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ለመቀየር መጠኑ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ ሙቀቱም 105 ዲግሪ የሚል ይመረጣል፤ ነጭ ሰረዝ ያለበት ጎን ኔጌቲቭ መሆኑን ሳይረሱ። ከተጣለ ፓወር ሰፕላይ የተነቀለ ካፓሲተር ተለክቶ ደህና ከሆነ ለልምምድ በቂ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መንዝ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ይህ ከፍታ ለዕቃው ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ አገር ከሩብ በላይ ዝቅ ስለሚል ያው ፋን የሚገፋው አየር ይሳሳል፣ የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። በፋሚኮም ውስጥ ያለው 7805 የተባለው የቮልት መቀነሻ ከአዳፕተሩ 10 ቮልት ተቀብሎ 5 ሲያወጣ በግማሽ አምፔር 2.5 ዋት ያህል በሙቀት መልክ ይጥላል፤ በብርድ አገር ነኝ ብሎ የብረት ማቀዝቀዣውን ሳይመልሱ መግጠም ስሕተት ነው። ሁለተኛው ሃርድ ዲስክን ይመለከታል። የአብዛኞቹ ሃርድ ዲስኮች መግለጫ የሚፈቅደው የሥራ ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ነው፤ ምክንያቱም ማንበቢያው ራስ ከሳህኑ ላይ የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ትራስ ነው። በመንዝ ላለ አሮጌ ኮምፒውተር እንግዲህ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ኮምፓክት ፍላሽ በተባለ የሜሞሪ ካርድና በማገናኛው መተካት ይመረጣል፤ የሚሽከረከር ነገር የለውምና።

ብርዱ ራሱ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ የሚከፋው ደረቅነቱ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ጠርቶ ውርጭ በሚወርድባቸው ወራት አየሩ እርጥበት ያጣል፤ ሰው ሱፍ ይለብሳል፣ ባና ይደርባል፣ ምንጣፉም ከበግ ጠጉር የተሠራ ነው። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ተነሥቶ መራመድ ብቻ ሰውነት ላይ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ያጠራቅማል። እጅ ላይ ጠቅ ሲል የሚሰማን 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው፤ የሜሞሪ ቺፕ ግን ከዚያ በጣም ባነሰ፣ እኛ ምንም ሳይሰማን፣ ይበላሻል። ቀን ሲሠራ የነበረ ራም ማታ ባና ላይ ተቀምጦ ከተነካካ በኋላ ዝም ማለቱ በብዙዎች ዘንድ በዕድል ይመካኛል፤ ምክንያቱ ግን ይህ ነው። መድኃኒቱ ባዶ የእንጨት ጠረጴዛ፣ የጥጥ ልብስ፣ ቦርዱን ከመንካት በፊትም ከመሬት ጋር የተገናኘ ብረት መዳሰስ ነው። የእጅ አንጓ ማሰሪያ የሚሠራ ሰው በሽቦው መካከል የ1 ሚሊዮን ኦም ሬዚስተር ያስገባ፤ ያለዚያ ማሰሪያው ሰውየውን ለኤሌክትሪክ አደጋ ያጋልጠዋል። ሌሊቱን በቀዝቃዛ ጎተራ ያደረ ዕቃ ምድጃ ወዳለበት ቤት ሲገባ ላብ ስለሚያወጣ ሳይበራ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ሸዋ ሮቢት ቆላ ስለሆነች እዚያ ጠላቱ አቧራና ሙቀት ነው፤ ፋኑን በየጊዜው መጥረግ ይበቃል።

ካሴት የሚገባባቸው ማሽኖች በእኛ አገር በብዛት የታወቁት በፋሚኮም ሳይሆን በቻይና በተሠሩ ቅጂዎቹ ነው። ቅጂውን የከፈተ ሰው ቺፕ አያይም፤ የሚያየው ቦርዱ ላይ የተንጠባጠበ ጥቁር ሬንጅ የመሰለ ጠብታ ነው። የፋሚኮሙ ቺፖች በሙሉ ከዚያ ጠብታ ሥር ወደ አንድ ተጨፍልቀዋል፤ እሱ ከተቃጠለ ጥገና የለም፤ መሰኪያውና ጆይስቲኩ ለሌላ ሥራ ይተርፋሉ። ካሴቶቹ ባለ 60 እግር ሲሆኑ የአሜሪካውና የአውሮፓው ኒንቴንዶ ግን 72 እግር ስላለው ያለ ማገናኛ አይቀባበሉም።

ካሴት አልሠራ ሲል እፍ ብሎ መልሶ መክተት በልጅነት ሁላችንም ያደረግነው ነው። ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ነቅሎ መሰካቱ እግሮቹን ስለሚፈትጋቸው እንጂ ትንፋሹ ስለሚጠቅም አይደለም። የትንፋሽ እርጥበት መዳቡን ያዝገዋል። አንድ የቆየ ካሴት ጥርሱን በጥጥና በአልኮል ሲጠርጉት ጥጡ መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ቀመስ ይሆናል፤ በሦስተኛው ጥጥ ላይ ምንም ካልታየ ጸድቷል። ከፋርማሲ የሚገኘው 70 በመቶ አልኮል የቀረው ውሃ ስለሆነ ከተጠረገ በኋላ ካሴቱ በደንብ ይድረቅ፤ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነው ከተገኘ ይመረጣል። ላጲስ መጠቀም ግን አልመክርም፤ ቆሻሻውን ብቻ ሳይሆን ወርቅ ቅቡንም ይፍቃል።

የሆደ ትልቁን ቴሌቪዥን ጉዳይ በጥንቃቄ ማንሣት ያስፈልጋል። በሽጉጥ የሚተኮስባቸው የድሮ ጨዋታዎች የሚሠሩት በእሱ ላይ ብቻ ነው፤ ሽጉጡ የሚጠብቀው መስመር በመስመር የሚሣለውን ብርሃን ነውና ጠፍጣፋው ላይ አያገኘውም። ነገር ግን የሥዕል ቱቦው ከ20,000 ቮልት በላይ ይይዛል፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። ልምድ ያለው የቴሌቪዥን ጠጋኝ አጠገቡ ሳይኖር ማንም ጀማሪ ክዳኑን አይክፈት።

ማሽኑን ያላገኘ ሰው በኮምፒውተር ላይ በሚያስመስሉ ፕሮግራሞች ሊጀምር ይችላል። ማሜ የተባለው የመጫወቻ ቤት ማሽኖች አስመሳይ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ አለ፤ ከ2012 ወዲህም ራስበሪ ፓይ የተባለችው ትንሽ ቦርድ ለዚህ ሥራ ተወዳጅ ሆናለች። በጨረታ የተገኘ አሮጌ ፔንቲየም ኮምፒውተር ካለ ግን ፍሪዶስ የተባለውን ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጭኖ በእውነተኛው ዕቃ ላይ መሥራት ይሻላል። ጨዋታዎቹ ራሳቸው ባለቤት አላቸው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሶፍትዌርንም ይጠብቃል። ከዚህ ነገር መውጫው የራስን ጨዋታ መሥራት ነው።

በአማርኛ ጨዋታ መሥራት ደግሞ ከሚታሰበው በላይ የሚቻል ነው። ፋሚኮም ሥዕሉን የሚሠራው ወርዱም ቁመቱም 8 ነጥብ በሆነ ካሬ ነው፤ ለመደቡ በአንድ ጊዜ የሚያገኘው 256 ካሬ ሲሆን እያንዳንዱ 16 ባይት፣ ጠቅላላው 4 ኪሎባይት ይይዛል። 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። የቀሩት 25 ካሬዎች ናቸው፤ አሥሩ ለቁጥር፣ ጥቂቱ ለአራት ነጥብና ለነጠላ ሰረዝ፣ አንዱ ለባዶ ቦታ ይውላል። ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ኋ ሲጨመሩ ለቤት፣ ለዛፍና ለድንጋይ ሥዕል የሚተርፈው ከጥቂት አይበልጥም። ሐን፣ ኀን፣ ሠን፣ ዐን እና ፀን መተው 35 ካሬ ያስገኛል፤ ሆኖም ንጉሥንና ፀሐይን አበላሽቶ ከመጻፍ ይልቅ በጨዋታው ውስጥ የሚነገረውን አስቀድሞ ጽፎ፣ በጽሑፉ ውስጥ የሌሉትን ፊደላት ብቻ መቀነስ የተሻለ ዘዴ ነው። ካሴቱ በሮም (በማይቀየር ሜሞሪ) ፈንታ ራም (የሚቀየር ሜሞሪ) ካለው ካሬዎቹን በየገጹ መለዋወጥም ይቻላል።

አሣሣሉ ላይ የሚያስቸግሩት ጠ እና ጨ፣ ጸ እና ፀ፣ እንዲሁም የአምስተኛና የሰባተኛ ቤት ቅጥያዎች ናቸው። አንድ ነጥብ ለክፍተት ሲተው ለፊደሉ የሚቀረው 7 ነው፤ ጨን ከነሦስት እግሩና ከነመለያ ምልክቱ በ7 ነጥብ ለመያዝ እግሮቹ አንዳንድ ነጥብ ብቻ ይደርሳቸዋል። ያ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ያምራል። በቪዲዮ ገመድ ወደ ድሮ ቴሌቪዥን ሲሄድ ግን ባለ አንድ ነጥብ ቁም መስመር ቀለሙ እየተንቀጠቀጠ ይደበዝዛል። ስለዚህ ፊደሉ የሚፈተነው ነጭ በጥቁር መደብ ላይ ተደርጎ፣ በእውነተኛው ቴሌቪዥን፣ ተጫዋቹ ከሚቀመጥበት ርቀት ሆኖ ነው፤ ከዚያ ጨ ከጠ ካልተለየ ለእሱ ብቻ ሁለት ካሬ ጎን ለጎን መመደብ ያስፈልጋል።