«ታድለሽ፣ እየዞርሽ ይከፈልሻል» ለምትሉኝ

የባህል አንትሮፖሎጂስት ነኝ፤ ሰዎች እንዴት እንደሚኖሩና እንደሚሠሩ መሃላቸው ተቀምጬ አጠናለሁ። ይህን የሰማ ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ታድለሽ! እየዞርሽ ይከፈልሻል።» ስንት ዓመት ሰማሁት፤ በእውነት ሰልችቶኛል። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ትናንሾቹን ላንሳና ልለፋቸው።

«አጥንት ትቆፍሪያለሽ?» አልቆፍርም። እሱ የአርኪዮሎጂ ሥራ ነው። እኔ የማጠናው በሕይወት ያሉ ሰዎችን ነው።

«የምታጠኑት ሩቅ ያሉ ጎሳዎችን ነው።» ይሄ ብቻ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ውስጥ አንትሮፖሎጂስቷ ሉሲ ሳችማን የምታጠናው ሰዎች ከኮፒ ማሽን ጋር ሲታገሉ ነበር።

«ከማስተማር ሌላ ሥራ የለውም።» እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2019 የዓለም ባንክን የመራው ጂም ዮንግ ኪም ሐኪምም አንትሮፖሎጂስትም ነው። በ2014 ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን ሲያጠቃ፣ ቤተሰብ ሟቹን በክብር እየሸኘ በሽታውም እንዳይዛመት ቀብሩ እንዴት ይሁን የሚለው ላይ አንትሮፖሎጂስቶች ሠርተዋል። የዩኒቨርሲቲ ቋሚ ቦታ ግን ጥቂት ነው፤ ይህን አልደብቅም።

አሁን ወደ ዙረቱ።

የመስክ ሥራ ጉብኝት አይደለም። ጎብኚ ያየውን አይቶ ይሄዳል፤ እኛ እንቀመጣለን። ስመ ጥሩው አንትሮፖሎጂስት ማሊኖቭስኪ እ.ኤ.አ. ከ1915 እስከ 1918 ባለው ጊዜ በፓስፊክ ውቅያኖስ በሚገኙት ትሮብሪያንድ ደሴቶች ሁለት ዓመት ያህል የኖረው መንደሩ ውስጥ ድንኳን ተክሎ፣ ቋንቋቸውን ተምሮ ነው። ከሞተ በኋላ በ1967 የታተመውን የግል ማስታወሻውን ያነበበ ሰው ሽርሽር አያገኝበትም። ሕመም፣ ናፍቆት፣ ብቸኝነትና ንዴት ነው የሞላው።

«ታዲያ ጠይቆ መምጣት አይበቃም?» አይበቃም። ለምን እንደማይበቃ ከራሴ ልንገራችሁ።

አንድ ሆስፒታል ውስጥ የነርሶችን የፈረቃ ርክክብ አጠና ነበር። ፈቃዱ ብቻ አምስት ወር ፈጀ። በመጀመሪያው ሳምንት «እንዴት ትረካከባላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ ሁሉም አንድ ዓይነት መለሱልኝ፦ አልጋው አጠገብ ቆመን፣ ፋይል ይዘን። እውነታቸውን ነው፤ ያደርጉታል። በሁለተኛው ወር ግን ልብስ መቀየሪያው ክፍል በር ላይ ቆሜ ሌላ ርክክብ ሰማሁ። አንዷ ጋውኗን እያወለቀች፣ ሌላዋ እየለበሰች ነው። «ሦስት ቁጥር አላመመኝም ትልሻለች። አፏን ተይና እጇን እዪ። አንሶላውን ጨብጣ ነው ያደረችው።» በቃ፣ ይኸው ነው። ፋይሉ ላይ ይህ የለም። በኋላ ስጠይቃቸው «እሱማ ወሬ ነው» አሉኝ።

ማንም አልዋሸኝም። ሰው በየቀኑ የሚያደርገውን ነገር ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ስትጠይቁት የሚነግራችሁ ደንቡን ነው። ሌላውን ለማየት እዚያው መገኘት ያስፈልጋል፤ ሰዎቹ እናንተን ማስተዋል እስኪተዉ ድረስ።

ማታ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። ቀን በሁለት በሦስት ቃል የጫርኩትን ሳልተኛ ዘርዝሬ እጽፋለሁ። አንድ ሰዓት ያየሁት ሁለት ሰዓት ያስጽፈኛል። ለነገ ካሳደርኩት የሰዎቹ አነጋገር ይጠፋና የራሴ አነጋገር ይተካዋል። ማስታወሻ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ የሕንዱን አንትሮፖሎጂስት ሽሪኒቫስን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ፣ ስታንፎርድ በተነሳ ቃጠሎ፣ ስለ አንድ የሕንድ መንደር ያዘጋጀው የዓመታት ማስታወሻው ሦስቱም ቅጂ ነደደ። ስለዚያ መንደር የጻፈውን መጽሐፍ ከትዝታው ነው ያወጣው። ኖሮበት ባይሆን ምን ያስታውስ ነበር?

ሙያውን ለምትመኙ ወጣቶች፦ ፓስፖርት ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ወረፋ ያለበት ቦታ ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። ስልካችሁን ዝጉ፤ ማንንም አትጠይቁ። የዚያኑ ማታ ያያችሁትን ሁሉ ጻፉ። ማን ማንን አስቀደመ? ወረፋውን የጣሰው ማን ነው? አንዱ ሲጥስ ሰው ጮኸ፣ ሌላው ሲጥስ ዝም አለ፤ ለምን? በማግስቱ ተመለሱና እዚያው ቦታ እንደገና ተቀመጡ።