አንሲ-ሬጄክስ፦ የተርሚናል ኮድ ለቃሚዋ ትንሽ ላይብረሪ

ተርሚናል ላይ (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) በቀይ የሚታይ «ስህተት» የሚል ቃል ብቻውን አይመጣም። ከፊቱ ኢስኬፕ የሚባለው የማይታይ ካራክተር አለ፤ ቁጥሩ 27 ነው። ከዚያ ክፍት ካሬ ቅንፍ፣ 31 እና «ኤም» ፊደል ይከተላሉ። ቃሉ ሲያልቅ ደግሞ 0 የያዘ ሌላ ኮድ ቀለሙን ያጠፋዋል።

ተርሚናሉ ይህን ሁሉ ውጦ ቀለሙን ብቻ ያሳያል። ጣጣው የሚመጣው ጽሑፉ ወደ ሎግ ፋይል (የፕሮግራም መዝገብ) ሲገባ ነው፤ ገጹ በቅንፍና በቁጥር ይዝረከረካል። ቆጠራም ይበላሻል። 4 ፊደል የነበረው «ስህተት» 13 ካራክተር ይሆንና በእሱ የተሰለፈው ሰንጠረዥ ይንጋደዳል።

ኮዶቹ የቆዩ ናቸው። ኤክማ-48 የተባለው መስፈርት እ.ኤ.አ. በ1976 ወጣ። በ1978 የመጣው ቪቲ100 ተርሚናል ደግሞ በሰፊው አስለመዳቸው።

አንሲ-ሬጄክስ እነዚህን ኮዶች ለይቶ የሚያገኝ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ነው። ፈንክሽኑን ስትጠሩት አንድ ሬጄክስ፣ ማለትም ጽሑፍ ውስጥ የሚፈለገውን ቅርጽ የሚገልጽ ቀመር፣ ይሰጣችኋል፤ በቃ። መሰረዙ የእናንተ ወይም በእሱ ላይ የተሠራው ስትሪፕ-አንሲ የተባለ ላይብረሪ ፋንታ ነው።

«ይቺማ ምን አላት፣ ራሴ እጽፋታለሁ» ማለት ያምራል። ቅንፍ፣ ቁጥር፣ «ኤም»። ቀለሙን በእርግጥ ይይዛል። ግን ስክሪን የሚያጸዳው ኮድ በ«ጄ»፣ መስመር የሚያጠፋው በ«ኬ» ነው የሚያልቁት። ተርሚናል ውስጥ የሚከፈቱ ሊንኮች ጭራሽ በዝግ ካሬ ቅንፍ ይጀምራሉ። እነዚህ ሁሉ ሾልከው ያልፋሉ።

ብዙ ሰው የሚሸወድባት አንዲት ነገር አለች። የሚሰጣችሁ ሬጄክስ «ጂ» (ሁሉንም ፈልግ) የሚል ምልክት ስላለው ያቆመበትን ቦታ ያስታውሳል። አንዱን ሬጄክስ አስቀምጣችሁ ያንኑ የቀላ ቃል በ«ቴስት» ደጋግማችሁ ብትፈትሹት አንዴ «አለ»፣ አንዴ «የለም» ሊላችሁ ይችላል። መላው ቀላል ነው፦ በየጊዜው ፈንክሽኑን እንደ አዲስ ጥሩ፣ ወይም የመጀመሪያውን ብቻ የሚፈልገውን «ኦንሊ ፈርስት» አማራጭ ተጠቀሙ።

ትንሽነቷ ከአደጋ አላዳናትም። እ.ኤ.አ. በ2021 ሆን ተብሎ የተቀናበረ ጽሑፍ ሬጄክሱን ለረጅም ጊዜ ሊያንጠለጥለው እንደሚችል ተደረሰበትና በ6.0.1 ስሪት ተስተካከለ። በመስከረም 2025 ደግሞ ላይብረሪውን ከሚንከባከቡት የአንዱ አካውንት በማጭበርበሪያ ኢሜይል ተሰርቆ 6.2.1 ስሪት ከተንኮል ኮድ ጋር ወጣ። ብዙው ሰው ደግሞ ላይብረሪውን ራሱ አይጭነውም፤ በሌላ ፓኬጅ ጀርባ ታዝሎ ነው የሚገባው። የትኛው ስሪት በማን በኩል እንደገባ ለማየት የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ መጫኛው ኤንፒኤም «ኤንፒኤም ኤልኤስ» የሚለው ትእዛዝ ከላይብረሪው ስም ጋር ይበቃል።