ሲአርኤፍ ምንድን ነው? «18 ላይ አድርገውና ተገላገል» ለሚሉን
ቪዲዮ ስለማሳነስ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው ከች ይልና «ሲአርኤፍ 18 ላይ አድርገው፣ ምንም አይጠፋም» ብሎ ይሄዳል። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ጨመረበት፦ 18 ማለት 82 በመቶ ጥራት ነው አለን። ኧረ በሕግ!

ሲአርኤፍ (CRF፣ ቪዲዮ ስንጨምቅ የምንመርጠው የጥራት ቁጥር) በመቶኛ የሚሰላ ነገር አይደለም። ለኢንኮደሩ (ቪዲዮውን ለሚጨምቀው ፕሮግራም) «ጥራቱን እዚህ አካባቢ ያዝልኝ፣ ፋይሉ የሚያክለውን ያክል» ብሎ ማዘዝ ነው። ከኢንኮደሮቹ አንዱ በሆነው በኤክስ264 (x264) ከ0 እስከ 51 ይሄዳል፤ ካልነካነው 23 ላይ ነው። ቁጥሩ ሲወርድ ጥራቱም የፋይሉ መጠንም ይጨምራል። 6 ቁጥር ዝቅ ካደረግነው ፋይሉ እጥፍ ወደ መሆን ይጠጋል።

ልብስ ሰፊ ጋ የሄድን እናስመስለው። ቢትሬት (ለእያንዳንዱ ሰከንድ ቪዲዮ የሚፈቀደውን የዳታ መጠን) ቆርጦ መስጠት «ለመጣው ሁሉ 3 ሜትር ጨርቅ» እንደማለት ነው። ለቀጭኑ ይተርፋል፣ ወፍራሙን ያንቀዋል። ሲአርኤፍ ግን «በልኩ ስፋ፣ ጨርቁ የፈጀውን ይፍጅ» ነው። የሰርግ ቪዲዮ እንውሰድ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሲመርቁ ካሜራው አይንቀሳቀስም፣ ጀርባው አይቀየርም፤ ቁራጭ ጨርቅ ይበቃል። እስክስታው ሲጀመር ግን ትከሻው፣ የቀሚሱ ጥለት፣ ከላይ የሚበተነው ብልጭልጭ ወረቀት ሁሉም አንድ ላይ ይርገፈገፋል። እዚህ ጋ ጣቃ ሙሉ ያልቃል። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ቁጥር የተሠሩ ሁለት እኩል ርዝመት ያላቸው ቪዲዮዎች መጠናቸው የትና የት ቢሆን የተበላሸ ነገር የለም።

አሁን ወደሚያበሽቀኝ ልምጣ። የሰፊዎቹ፣ ማለትም የኢንኮደሮቹ፣ ሜትር አንድ አይደለም። ኤክስ265 ካልነካነው 28 ላይ ነው፤ ያ 28 ከኤክስ264 28 ጋር አይገናኝም። ኤስቪቲ-ኤቪ1 የሚባለው ደግሞ ከ60 በላይ ይሄዳል። ወንድሜ፣ «18» ስትለን የማንን ሜትር ይዘህ ነው? በኤክስ264 ከሆነ 18 ጥሩ ቁጥር ነው፤ ከዋናው ለመለየት ዓይን ይቸገራል። ይቸገራል አልኩ እንጂ «ምንም አይጠፋም» አላልኩም። ምንም የማይጠፋው 0 ላይ ነው፤ እሱም በ8 ቢት ኤክስ264 ብቻ (ቢቱ ሲበዛ የቀለሙ ደረጃዎች ይበዛሉ)። በ10 ቢት 0 እንኳን ከጥራቱ ይቀንሳል። ኤክስ265 ላይ ደግሞ ለብቻው ሌላ ትእዛዝ ይፈልጋል።

በቴሌግራም ተጨምቆ የመጣ ቪዲዮን «ለጥንቃቄ» ብሎ 10 ላይ መሥራትም አለ። ፋይሉ ያብጣል፣ ምስሉ ያው ነው። አስቀድሞ የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስም።

ፕሪሴት (የኢንኮደሩ የፍጥነት ምርጫ) ለሰፊው የምንሰጠው ጊዜ ነው። «ስሎው» ካልነው ጨርቁን አገላብጦ ይቆርጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ልክ በትንሽ ጨርቅ ያወጣል። ኮምፒውተሩ ከቻለ ቀስ ይበል።

ታዲያ የማያሳስበው ስንት ነው? ሃንድብሬክ የሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ፕሮግራም መመሪያ በኤክስ264ና በኤክስ265 ለ1080ፒ ከ20 እስከ 24፣ ለ4ኬ ከ22 እስከ 28 ይላል። 4ኬ ላይ ፒክስሉ ትንንሽ ስለሆነ ጉድለቱ ቶሎ አይታይም። እኔ ግን ቁጥር ከመያዜ በፊት ከቪዲዮው በጣም አስቸጋሪዋን አንድ ደቂቃ ቆርጬ እሞክራለሁ፦ መብራት የደበዘዘበት አዳራሽ፣ ጭስ፣ ጭፈራ። ከዚያ በስልክ ሳይሆን በትልቅ ቲቪ አያለሁ። መጀመሪያ የሚያሳብቀው ጨለማው ግድግዳ ነው፤ ደረጃ ደረጃ ሠርቶ ይታያል። ያኔ ቁጥሩን ከማውረዴ በፊት 10 ቢት እሞክራለሁ፤ ዋናው 8 ቢት ቢሆንም ይረዳል። ብዙ መሣሪያዎች ግን 10 ቢት ኤክስ264 አያጫውቱም፣ ለዘመድ ፍላሽ ላይ ስትሰጡ አስቡበት።

ለሳተላይት ስርጭት የምትሠሩ ይህን ሁሉ እርሱት፤ እዚያ የተከራያችሁት ቢትሬት የተቆረጠ ነው፣ ሲአርኤፍን ለብቻው ማንም አይለቀውም። ዩቲዩብ ላይ የምትጭኑ ደግሞ ብዙ አትቆጥቡ። የሰጣችሁትን እንደገና ራሱ ይጨምቀዋል፣ ስለዚህ 16ም 17ም ብትሰጡት ኪሳራው የኢንተርኔት ፓኬጃችሁ ነው።