ጀጎል ምንድን ነው? «ግንብ» ስንለው የምንሳሳተው

ጥንታዊቷን የሐረር ከተማ የከበበውን አጥር «የጀጎል ግንብ» ማለት በጣም ተለምዷል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «ግንብ ከሆነ በሲሚንቶ ይለሰንና እንገላገል» ብሏል። ስህተቱ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። ግንብ ሲባል ሰው በዓይኑ የሚመጣበት እንደ ጎንደሩ በኖራ የተያያዘ ካብ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በሐረሩ ገዥ በአሚር ኑር ዘመን የታጠረው ጀጎል ግን ሀሺ ከሚባለው የአካባቢው ድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ነው። ርዝመቱ 3.5 ኪሎ ሜትር፣ ቁመቱ 4 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ አምስቱን ጥንታዊ በሮቹን፣ ፈላናን፣ ኤረርን፣ ሰንጋን፣ ቡዳንና ሸዋ በርን፣ ሁሉም ያውቃቸዋል። ዛሬ ጀጎል ስንል በአጥሩ ውስጥ ያለውን ከተማም ማለታችን ነው፤ ይህ ስህተት አይደለም።

አጥሩን እንደ እንስራ አስቡት። እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ሆዱ ስለሚያልበው ነው። ጀጎልም ክረምት የጠጣውን በበጋ ያልበዋል። እንስራን በሲሚንቶ ብትለስኑት ላቡ መውጫ ያጣል። አጥሩም እንደዚያው ነው፤ ሲሚንቶ ድርቅ ያለ፣ ጭቃ ደግሞ ልል ስለሆነ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅ አብረው አይሄዱም። ልስኑ ፀጉር በምታህል መስመር ይሰነጠቅና ውሃ በእሷ ይገባል፤ መውጣት ግን አይችልም። ውስጡ ያለው ጭቃ ይሟሟል፣ ልስኑም ይነፋል። በጣት ቆርቆር ስታደርጉት እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል። ሲወድቅም የድንጋዩን ገጽ ይዞ ነው።

ታዲያ እንዴት ይጠገን? ቀድሞ የተለሰነ ሲሚንቶ ካለ በትንሽ መሮና መዶሻ ቀስ ተብሎ ይነሳል፤ በማሽን አይነካም፣ ንዝረቱ ደህናውን ድንጋይ ያላቅቀዋልና። የላላው ጭቃ ተጠርጎ ድንጋዩ ላይ ውሃ ይርከፈከፋል፤ ደረቅ ድንጋይ የአዲሱን ጭቃ እርጥበት ስለሚመጠው ጭቃው ሳይዝ ይፈረፈራል። አፈሩ ተነፍቶ፣ ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ለቀናት ከቆየ በኋላ ይረገጣል። ሰፊ ክፍተት በጭቃ ብቻ አይሞላም፤ ጭቃ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ሽራፊ ድንጋይ ይሸጎጥበታል። አፈርም ሁሉ አንድ አይደለም፦ ዋልካ ሲበዛ ይሰነጠቃል፣ አሸዋ ሲበዛ አይያያዝም። ስለዚህ መጀመሪያ ክንድ በምታህል ቦታ ላይ ተሞክሮ አንድ ክረምት ይለፍበት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አናቱና ግርጌው ይታዩ። አናቱ ዝናብ እንዳያቁር ወደ ጎን ተዳፋት ይበጅለት። ከታች ደግሞ ጅብ ሌሊት የሚገባባቸው ቀዳዳዎች፣ ሐረሪዎች «ወረባ ኑዱል» የሚሏቸው፣ ለጎርፍም መውጫ ናቸው፤ በአፈርና በፌስታል ተደፍነው ከሆነ ይጠረጉ።